ከሕፃን ጎን የተሸጠ ወንበር
ስለ ረጅም የአየር ጉዞ፣ ስለ መካከለኛው ማዕረግና ወደ ሰቆጣ ስለሚመጡ ሕፃናት

በዋሽንግተን አጠገብ ካለው ከደለስ የአውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ዐሥራ ሦስት ሰዓት ያህል ይበራል። ይህን መስመር ደጋግሞ የተጓዘ ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በገናና በጥምቀት ሰሞን፣ እንዲሁም ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው የክረምት ወራት፣ በአውሮፕላኑ ውስጥ የሚገኙት ሕፃናት ቍጥር ቀላል አይደለም። የዚህም ምክንያት ናፍቆት ብቻ ሳይሆን ሒሳብም ጭምር ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወላጁ ጭን ላይ ሆኖ ሲጓዝ፣ በዓለም አቀፍ መስመሮች ላይ የሚጠየቀው ዋጋ በብዙ አየር መንገዶች ዘንድ ከአዋቂው ቲኬት ዐሥር በመቶ ያህል ነው። ሁለት ዓመት የሞላው ዕለት ግን ደንቡ ይለወጣል፤ ሕፃኑ የራሱ ወንበር እንዲኖረው ግዴታ ይሆናል፤ ዋጋውም ወደ አዋቂው ዋጋ ይጠጋል፣ ወይም ከእርሱ ጋር ይተካከላል። ስለዚህ ልጁን ለአያቶቹ ለማሳየት ያሰበ ወላጅ ከሁለተኛው የልደት ቀን በፊት መንገድ ለመጀመር ቢቸኩል የሚያስገርም አይሆንም።

ከነዚህ ወላጆች አንዷ የዋግ ተወላጅ ናት እንበል። ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የዋግ ሹሞች አገር የነበረች፣ በማሯና በፍየሏ የታወቀች፣ ሕዝቧም ከአማርኛ ጋር ኽምጣኛ የሚናገርባት የገበያ ከተማ ናት። የሰቆጣ ስም በመላው ኢትዮጵያ ከሕፃናት ጋር ተያይዞ የሚነሣበት ሌላም ምክንያት አለ። በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እስከ 2030 ድረስ ለማስወገድ የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ የሚጠራው በዚችው ከተማ ስም ነው። ሐኪሞቹ ሁለት ዓመትን ወሰን ያደረጉት የልጅ አካልና አእምሮ በዚያ ዕድሜ ውስጥ ስለሚመሠረት ነው፤ አየር መንገዶች ወሰን ያደረጉት ደግሞ ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ ጭን ስለሚከብደው ነው። ምክንያታቸው ይለያይ እንጂ ለሰቆጣዪቱ አያት ሁለቱም አንድ ቀን ይቈጥራሉ።

እናቲቱ ጉዞው ረጅም መሆኑን ታውቃለች። ስለዚህ ለራሷም ለልጇም ምቾት ስትል ጥቂት ገንዘብ ጨምራ ከተራው ማዕረግ ከፍ ያለ ወንበር ልትገዛ ትፈልጋለች። ከእርሷ ጎን ያለውን ወንበር የሚገዛው ሰው ደግሞ ምናልባት ቡና ሊሸጥ አውሮፓ ከርሞ የሚመለስ፣ በማግሥቱ ጧት ከባንክ ሰዎች ጋር ቀጠሮ ያለው ነጋዴ ይሆናል። እርሱም ገንዘብ የጨመረው እንቅልፍ ለማግኘት ነው። ሁለቱ በአንድ ረድፍ ተቀምጠው ሲገናኙ የሚፈጠረው ነገር ነው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ።

የማዕረጎች ታሪክ ባጭሩ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት ተቋቋመ፤ የመጀመሪያ በረራውንም መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ ሲ-47 የሚባሉት ነበሩ። በነዚያ አውሮፕላኖች ውስጥ መንገደኛው በግራና በቀኝ ግድግዳው ሥር በተዘረጋ ታጣፊ አግዳሚ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ በመካከል ደግሞ ጭነቱ በገመድ ታስሮ ይጓዝ ነበር። በዚያን ጊዜ የወንበር ስፋት አያከራክርም፤ ወንበር የሚባል ነገር ራሱ አልነበረምና። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 የተባለው ጄት ሲመጣና በዚያው ዓመት ወደ ፍራንክፈርት መብረር ሲጀምር ግን የኢትዮጵያ መንገደኛ የጄት ዘመንን ወግ ተማረ።

ዓለም በአየር ላይ ረዘም ላለ ጊዜ የሚያውቀው ሁለት ወይም ሦስት ማዕረግ ነበር። በኋላ በተራውና በነጋዴው ማዕረግ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት እየሰፋ ሄደ፤ ኩባንያቸው ለነጋዴው ማዕረግ የማይከፍልላቸው፣ በተራው ማዕረግ ግን ጕልበታቸው የሚታሰርባቸው መንገደኞች በመካከል ቀሩ። የታይዋኑ ኤቫ ኤርና የእንግሊዙ ቨርጂን አትላንቲክ በ1984 እና በ1985 ዓ.ም. ግድም ለነዚህ ሰዎች ሌላ ማዕረግ አበጁላቸው፤ ይኸውም ዛሬ ፕሪሚየም ኢኮኖሚ የሚባለው ነው። የጀርመኑ ሉፍታንዛ በ2007፣ የዱባዩ ኤምሬትስ በ2013 ዓ.ም. ተከተሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረጅም በረራው የሚታወቀው ክላውድ ናይን ባለው የነጋዴ ማዕረግና በተራው ማዕረግ ነው፤ ስለዚህ ኢትዮጵያዊው መንገደኛ ይህን መካከለኛ ማዕረግ በብዛት የሚያገኘው በፍራንክፈርት ወይም በዱባይ በኩል ዞሮ ሲጓዝ ነው።

በጭማሪው የሚገዛው ምንድን ነው

ገንዘቡ ምን እንደሚገዛ በሜትር መለካት ይቻላል። በተራው ማዕረግ ከአንዱ ወንበር እስከ ፊተኛው ወንበር ያለው ርቀት 79 ወይም 81 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በመካከለኛው ማዕረግ 96 ሳንቲ ሜትር ግድም ይሆናል። የወንበሩ ወርድ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ይጨምራል፤ መደገፊያው በርከት ብሎ ወደ ኋላ ይጋደማል፤ የእግር ማሳረፊያ ይኖራል፤ ምግቡ በተሻለ ሳሕን ይቀርባል፤ ጓዙም ቀድሞ ሊወጣ ይችላል። ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ይህ ነው። ጸጥታ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ይሁን እንጂ የማስታወቂያው ሥዕል ዐይኑን ጨፍኖ የተኛ ሰው ስለሚያሳይ፣ ገዢው ጸጥታውንም አብሮ የገዛ ይመስለዋል።

ለእናቲቱም ቢሆን ዕቃው እንደ ሥዕሉ አይደለም። በመካከለኛው ማዕረግ የምግብ ጠረጴዛው የሚታጠፈው በክንድ መደገፊያው ውስጥ ስለ ሆነ፣ ይህ መደገፊያ ብዙውን ጊዜ ወደ ላይ አይነሣም። በተራው ማዕረግ ግን ይነሣል። እንግዲህ በተራው ማዕረግ ጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ የተገኘላት እናት መደገፊያውን አንሥታ ልጇን በሁለት ወንበር ላይ ልታስተኛው ትችላለች፤ የበለጠ የከፈለችው ግን አትችልም። ከፊት ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠለው የሕፃን አልጋም በሁሉም አየር መንገድ በመካከለኛው ማዕረግ አይገኝም። በተገኘበትም ቦታ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 11 ኪሎ ከሚመዝን ሕፃን በላይ አይሸከምም፤ ዓመት ተኩል የሞላው ደልዳላ ልጅ ከዚያ ውስጥ አይገባም። ዋጋውም ቢሆን መታሰብ አለበት፤ የሕፃኑ ዐሥር በመቶ የሚሰላው እናቲቱ በገዛችው ማዕረግ ዋጋ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል ቲኬቷ 2,000 ዶላር ቢሆን ወንበር ለሌለው ልጇ 200 ዶላር ትከፍላለች ማለት ነው።

ከዚህ ሌላ ጎረቤቱ ነጋዴ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። አየሩ ሲናወጥና የቀበቶው መብራት ሲበራ፣ ሕፃኑ ከተንጠለጠለው አልጋ ወጥቶ በእናቱ ጭን መታሰር አለበት፤ ይህ የደኅንነት ደንብ ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ተባብሎ የተኛውን ልጅ እናቱ ራሷ ታነሣዋለች፤ ልጁም ያለቅሳል። ጎኗ ያለው ሰው ይህን ሲያይ፣ ልጇን መያዝ የማታውቅ እናት አድርጎ ይፈርድባታል። መብራቱ በአንድ ሌሊት አራትና አምስት ጊዜ ሊበራ እንደሚችል ያወቀ ሰው ግን ቂሙን ወደ ደመናው ያዞረው ነበር።

ለጎረቤቱም ቢሆን ፍርድ ይገባዋል። የአንድ ወር ደመወዝ ያህል ጨምሮ ወንበር የገዛ ሰው ሌሊቱን ዐይኑን ሳይከድን ቢያድር ማዘኑ ስስት ወይም ጭካኔ ሊባል አይገባም። ሰው የከፈለበትን ነገር መጠየቁ የንግድ መሠረት ነው። ጥያቄው የሚጠይቀው ማንን ነው የሚለው ብቻ ነው። ሕፃኑ ቲኬት ያለው መንገደኛ ነው፤ እናቱም ከፍላለች፤ ሁለቱን በአንድ ረድፍ ያስቀመጠው፣ ስለዚህም አስቀድሞ ምንም ያልተናገረው ሻጩ ነው። ማር ሻጭ ሰፈፉን ከነማሩ መዝኖ ሲሸጥ ገዢው ይቈጣል፤ ሰፈፉ እንዳለበት አስቀድሞ ከተነገረው ግን ዋጋውን ቈርጦ ይገዛል፤ ወይም ወደ ሌላ ይሄዳል። የሰቆጣ ገበያ ይህን ሕግ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል።

በሌላው ዓለም የተሞከረው

በዚህ ጉዳይ ላይ የተለያዩ ኩባንያዎች የተለያየ ብልሃት ሞክረዋል። የማሌዥያ አየር መንገድ በ2003 ዓ.ም. በቦይንግ 747 አንደኛ ማዕረግ ውስጥ ሕፃናትን እንደማያሳፍር ሲታወቅ ብዙ ተወራበት። ኤርኤዢያ ኤክስና የሲንጋፖሩ ስኩት በ2005 ዓ.ም. ትንንሽ ልጆች የማይቀመጡበት የጸጥታ ክፍል ለዩ። ኮሬንዶን የተባለው ኩባንያ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ከአምስተርዳም ወደ ኩራሳው በሚበረው አውሮፕላን ላይ ለአዋቂዎች ብቻ የሆነ ክፍል ከፍቶ፣ ተራውን ወንበር በ45 ዩሮ ጭማሪ ሸጠ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በአውሮፕላን ውስጥ የሚቆም መጋረጃ ድምፅን የማያግድ መሆኑ ነው። የጸጥታው ክፍል የመጨረሻ ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ከመጋረጃው ማዶ ካለው ሕፃን በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው፤ የከፈለው ለጸጥታ ሳይሆን ለተስፋ ነው ማለት ይቻላል።

ከሁሉ ይልቅ የነጋዴ ሥራ የሚመስለው የጃፓን አየር መንገድ የሠራው ነው። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው እንደተነጋገረበት፣ ከስምንት ቀን እስከ ሁለት ዓመት ዕድሜ ያለው ልጅ የሚቀመጥበት ቦታ በወንበር መምረጫው ካርታ ላይ በትንሽ የሕፃን ምልክት እንዲታይ አደረገ። ሕፃኑን አልከለከለም፤ ክፍል አልለየም፤ ገንዘብም አልጨመረም። ለገዢው ያለውን ነገረው፤ ያ ብቻ ነው። በእርግጥ ቲኬቱ በሌላ ወኪል በኩል ከተገዛ ወይም አውሮፕላኑ ከተለወጠ ምልክቱ ላይታይ ይችላል፤ ወላጆችም ልጃችን እንደ አደጋ ምልክት ተለጠፈበት ብለው ቅር ያላቸው ነበሩ። ቢሆንም ከመጋረጃው ይልቅ ካርታው ሐቀኛ ነው።

የአሜሪካው ጄትብሉ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. የእናቶች ቀንን ምክንያት በማድረግ ከኒው ዮርክ ወደ ካሊፎርኒያ በሚሄድ አንድ በረራ ላይ፣ ሕፃን ባለቀሰ ቍጥር ለመንገደኛው ሁሉ በሚቀጥለው ቲኬቱ ላይ ሃያ አምስት በመቶ እንደሚቀንስ አስታወቀ። አራት ጊዜ ከተለቀሰ ቲኬቱ ነጻ ነው ማለት ነው። ሕፃናቱም አራት ጊዜ አለቀሱ፤ መንገደኞቹም አጨበጨቡ። ለማስታወቂያ የተደረገ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ያው ድምፅ፣ በያው ወንበር ላይ፣ ሒሳቡ ሲለወጥ ጆሮ ላይ የሚሰማው ሌላ እንደሚሆን አሳይቷል።

ሕፃኑ የሚያለቅስበት ሰዓት

ሕፃን በአውሮፕላን ላይ ስለ ብዙ ነገር ያለቅሳል፤ ከነዚህ መካከል አንዱ ግን አስቀድሞ በሰዓት ሊታወቅ የሚችል ስለ ሆነ፣ እናትም ጎረቤትም ቢያውቁት ይጠቅማል። አውሮፕላን ከፍ ብሎ ሲበር የውስጡ አየር በመኪና እየታመቀ ይያዛል፤ ይሁን እንጂ በምድር ላይ እንዳለው አይሆንም። በብዙ አውሮፕላኖች ውስጥ ያለው የአየር ግፊት 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው ተራራ ላይ ካለው ጋር ሊተካከል ይችላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ ቀድሞ በ2004 ዓ.ም. የተረከበው ቦይንግ 787 ግን፣ እንዲሁም ኤርባስ ኤ350፣ ግፊቱን እስከ 1,800 ሜትር ያህል ዝቅ አድርገው ይይዛሉ። ከዚህ የሚወጣው ሒሳብ ለደገኛ ሰው አስደሳች ነው። የቦሌ ማረፊያ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ሰቆጣም ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ የሰቆጣ ሕፃን በ787 ውስጥ ዐሥራ ሁለት ሺህ ሜትር ላይ ሲበር፣ ሳምባው የሚያውቀው ከአያቱ ቤት ዝቅ ያለ ቦታ ነው።

ጆሮ የሚታመመው በአብዛኛው አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲወርድ ነው። ሲወጣ በመካከለኛው ጆሮ ውስጥ ያለው አየር እየሰፋ በራሱ ያመልጣል፤ ሲወርድ ግን ግፊቱ ከውጭ ስለሚጫን፣ ከጕሮሮ ወደ ጆሮ የምትሄደው ቀጭን ቧንቧ እንድትከፈት መዋጥ ያስፈልጋል። አዋቂ ሰው ምራቁን ይውጣል፤ ያዛጋል። ሕፃን ይህን አያውቅም፤ ቧንቧውም ጠባብ ነው። ስለዚህ ጡት ወይም ጡጦ ሲጠባ ነው የሚቀለው። አሁን ከፍታዎቹን ያስታውሷል። አውሮፕላኑ በቦሌ ሲያርፍ የውስጡ ግፊት ብዙም የሚጨምርበት ምክንያት የለም፤ እንዲያውም በ787 ውስጥ ወደ ማረፊያው ከፍታ ለመድረስ ግፊቱ ጥቂት ይላላል። ደለስ ግን፣ ፍራንክፈርትም፣ ዱባይም ወደ ባሕር ወለል የቀረቡ ናቸው። በቀጥታው መስመር ወደ አሜሪካ የሚመለሰው አውሮፕላን ደግሞ፣ ቦሌ ከፍተኛ ስለ ሆነች ሙሉ ነዳጅ ጭኖ ለመነሣት ስለሚከብደው፣ ነፋሱም ከፊት ስለሚገጥመው፣ ብዙ ጊዜ በመንገድ አርፎ ነዳጅ ይጨምራል፤ በየጊዜው ከተለዋወጡት ማረፊያዎች መካከል ሮም፣ ሎሜና ደብሊን ይገኛሉ፤ ሦስቱም ዝቅተኛ ናቸው። እንግዲህ ሕፃኑ አገሩን ሊጐበኝ ሲመጣ ጆሮው ይቀልለዋል፤ ሲመለስ ግን ሁለት ጊዜ ይፈተናል ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ እናቲቱ ማድረግ ያለባት ቀላል ነው። አውሮፕላኑ ለማረፍ መውረድ የሚጀምረው መሬት ከመንካቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ልጁን ያን ጊዜ እንዲርበው ጠብቃ፣ መውረዱ ሲጀመር ብታጠባው ይበጃል። ብዙ እናቶች ግን ልጁ ዝም እንዲል ብለው ከመውረዱ አንድ ሰዓት በፊት ያጠቡታል፤ ልጁም ጠግቦ ይተኛል፤ ጆሮው ሲጫነው ይነቃል፤ ጡት ሲሰጡትም እንቢ ይላል። ጎረቤቱ በዚያ ሰዓት የሚያየው ተገቢ እንክብካቤ አግኝቶ ሳለ የሚጮኽ ልጅ ነው።

የጭን ላይ ጉዞና የገበያው ሒሳብ

በጭን ስለ መያዝ ሌላ ከባድ ነገር አለ። ሐምሌ 12 ቀን 1981 ዓ.ም. የአሜሪካው ዩናይትድ ኩባንያ አውሮፕላን በሱ ሲቲ ከተማ ተሰባብሮ ሲያርፍ፣ በጭን የተያዙ አራት ሕፃናት በውስጡ ነበሩ። በጊዜው በነበረው ሥርዐት መሠረት ወላጆቹ ልጆቹን ወለል ላይ አድርገው እንዲይዟቸው ተነገራቸው፤ ከአራቱ አንዱ ሞተ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ የትራንስፖርት አደጋ መርማሪ ቦርድ ሕፃናት ሁሉ በራሳቸው ወንበር ላይ ታስረው እንዲጓዙ ደጋግሞ ጠየቀ። የበረራው ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ግን እስከ መጨረሻው አልተስማማም፤ በ1997 ዓ.ም. ሐሳቡን ሲተወው የሰጠው ምክንያት የኢኮኖሚ ነበር። ወላጅ ለሕፃኑ ወንበር እንዲገዛ ከተገደደ፣ ብዙው ሰው አውሮፕላኑን ትቶ በመኪና ይሄዳል፤ በመኪና መንገድ ላይ የሚሞተው ሕፃን ደግሞ በአየር ላይ ከሚድነው ይበዛል አለ። ንግድን ለሚያጠና ሰው ይህ ክርክር ሊያስቡበት የሚገባ ነው፤ አንድ ዋጋ ሲጨምር ገዢው ወዴት እንደሚሸሽ ሳይታይ የዋጋው መልካምነት አይታወቅም።

ለዋግ እናት ክርክሩ ሌላ መልክ አለው። ውቅያኖሱን በመኪና መሻገር አይቻልምና የምትሸሽበት መንገድ የላትም፤ ወንበር ካስገደዷት ያላት አማራጭ መቅረት ነው። በነገራችን ላይ ደንቡ እንኳ አንድ አይደለም። በአውሮፓ ኩባንያዎች አውሮፕላን ላይ ሕፃኑ ከእናቱ ቀበቶ ጋር በሚያያዝ ትንሽ ቀበቶ ይታሰራል፤ በአሜሪካ ኩባንያዎች ላይ ግን ይኸው ቀበቶ በመነሻና በማረፊያ ሰዓት የተከለከለ ነው። በአንድ ጉዞ ላይ ሁለቱን የምታየው እናት የትኛው ትክክል እንደ ሆነ ብትጠይቅ መልስ የሚሰጣት አስተናጋጅ አይገኝም።

የእኛ አገር አውቶቡስ ደንብ የጻፈው ሰው የለም፤ ነገር ግን ሥርዐት አለው። ከወልድያ ወይም ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚሄድ አውቶቡስ ላይ ሕፃን የያዘች እናት ስትገባ፣ ጎኗ የተቀመጠው ሰው «አምጪው፣ ልያዝልሽ» ይላል፤ ልጁም ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ ጕዞው ይገፋል። ልጁ ቢያለቅስ የሚያፍር የለም። እናቲቱም ሕፃኑን በአንቀልባ በጀርባዋ አዝላ ያደገች የእናቷ ልጅ ናት፤ ሕፃን በጀርባ ላይ ሙቀትና የትንፋሽ ድምፅ ስላለው ዝም ይላል። ይህን ልማድ ወደ አውሮፕላኑ ማምጣት የሚቻለው ግን በከፊል ነው። አውቶቡስ ላይ የሚገኘው ሰው የአንድ አገር ሰው ነው፤ በፍራንክፈርቱ አውሮፕላን ላይ ግን የማያውቁትን ሰው ልጅ ለመቀበል እጅ መዘርጋት ነውር የሚሆንባቸው ሕዝቦች አሉ፤ እናትም ብትሰጥ የምትፈራበት ምክንያት አላት። ስለዚህ በአገር ቤት ጎረቤቱ በነጻ የሚሰጠውን ነገር፣ በአየር ላይ ኩባንያው በአገልግሎት መልክ ማቅረብ ይኖርበታል። ጥቂት ኩባንያዎች በረጅም በረራ ላይ ሕፃን እንዲይዙ የሠለጠኑ አስተናጋጆች መድበዋል። የኢትዮጵያ አስተናጋጆች ይህን ሳይሠለጥኑ ሲያደርጉት መንገደኛ ሁሉ አይቷል፤ እናት ወደ መታጠቢያ ቤት እስክትሄድ ልጁን ተቀብለው በመተላለፊያው ላይ ሲያንሸራሽሩት ማለት ነው።

ጉዞው በቦሌ አያበቃም። የሰቆጣ መንገደኛ ብዙ ጊዜ ወደ ላሊበላ በሌላ አነስተኛ አውሮፕላን ይበራል፤ ከዚያም ከ100 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን ተራራማ መንገድ በመኪና ይይዛል። ጸጥታው ወይም በረራው ካልፈቀደ ከአዲስ አበባ ጀምሮ በመኪና ይኬዳል፤ ይህም ከአትላንቲክ ማዶ የተደረገውን በረራ የሚያህል ወይም የሚበልጥ ሰዓት ይፈጃል። በዚህ መንገድ ላይ ማዕረግ የለም።

የአዲስ አበባ የቲኬት ወኪሎች ከዚህ ሥራ የሚያገኙት ጥቅም ጥቂት ስላልሆነ፣ ሕፃን ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ ሊያቀርቧቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። የተንጠለጠለው አልጋ በአንድ አውሮፕላን ላይ ቍጥሩ ጥቂት ስለ ሆነ ቲኬቱ በተቈረጠበት ቀን መጠየቅ አለበት፤ ጠያቂው በበረራው ዋዜማ ከመጣ አያገኝም። ልጁ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን መጠየቅ ይገባል፤ ከዐሥራ አንድ ካለፈ አልጋው ያለበትን ረድፍ ለሌላ እናት መተው ይሻላል። ብቻውን የሚጓዝና ጸጥታ የሚፈልግ ነጋዴ ከመጣ፣ የሕፃን አልጋ የሚሰቀልበትን የፊት ግድግዳ ረድፍ እንዳይመርጥ በግልጽ ይነገረው፤ ይህ ረድፍ የእግር ቦታ ስላለው ብዙ ሰው በጭማሪ ገንዘብ ይገዛዋል፤ ከዚያም ለምን ሕፃን አጠገቤ ሆነ ብሎ ይከራከራል። ከሁሉ በላይ ግን የልጁ የልደት ቀን ከመመለሻው ቀን ጋር ይመሳከር። በመስከረም የሚሄድ፣ በኅዳር ሁለት ዓመት የሚሞላው፣ በጥር የሚመለስ ልጅ በሄደበት ጭን ላይ አይመለስም። ይህን ቲኬቱ ሲቈረጥ ያልተነገራት እናት የምትሰማው በቦሌ የመመዝገቢያ መስኮት ፊት፣ ጓዟ ተመዝኖ፣ ከሰቆጣ የመጣው ማር ታሽጎ ካለቀ በኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚገኘው ወንበር ደግሞ የቀኑ ውድ ወንበር ነው።